«እዚያ ደግሞ ምን አለ?»

«ዋግ ኽምራ? እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አለኝ አንዱ። ሲጠይቀኝ መልሱን ራሱ ጨርሶ ነው የመጣው።

ፍየል አለ፣ ጌታዬ። ማር አለ። ዕጣን አለ። ተከዜ ላይ ዓሣ አለ። ሰው አለ፤ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የምስክር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ የሚውል ወጣት ከሰቆጣ እስከ ዝቋላ ሞልቷል። ስለ ሩቅ ወረዳ ስናወራ የጎደለውን ቆጥረን እንነሣለን። መንገድ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ባለሀብት የለም እንላለን። ያለውን ቆጥሮ የጀመረ ግን ስንት ነው?

«ደረቅ አገር ነዋ!»

ደረቅ ነው፤ ማን ካደ? ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል፤ ማሽላው እሸት ሳይሆን ያርራል። ግን ለስንዴ የደረቀ አገር ለፍየል አልደረቀም። የአበርገሌ ፍየል የግራር ቅጠል ቀጥፋ፣ በሬ የማይወጣው ገደል ላይ ውላ ማታ ስትገባ ትታለባለች። አገሩን በስንዴ ስትለካው ኖረህ ድሃ አልከው። እስቲ አንድ ጊዜ በፍየል ለካው። በማር ለካው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለውን አባባል በየስብሰባው እንጠቅሳለን፤ ዕቅድ ስንጽፍ ግን በሬውንም ሠርዶውንም ከሌላ አገር እናስመጣለን።

«የታወቀው በረሀብ ነው።»

በረሀብ ያወቅከው አንተ ነህ። ከዚያ በፊት በገበያ ነበር የሚታወቀው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ ከአፋር ጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ የሚራገፍባት፣ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚወርድባት ትልቅ የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌ ደግሞ ያን ጊዜ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ደጋው የሚገበያይበት ገንዘብ ነበር። ገንዘብ በደጇ ሲያልፍ የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ ስሟ በአገር ደረጃ የሚነሣው በ2007 ዓ.ም. በተፈረመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ የሕፃናት መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የተገባ ቃል። ቃሉን አከብራለሁ፣ እንዲፈጸምም እፈልጋለሁ። ግን ሕፃኑ የሚያድገው አባቱና እናቱ ቤት ነው። እናቱ የምትሸጠው፣ አባቱ የሚሠራው ነገር ከሌለ ቃል ኪዳኑ ከግድግዳ አይወርድም።

አሁን ባለሙያው ተነሡ። «ያለው የአካባቢ ዝርያ ነው፤ ምርታማ አይደለም። የተሻሻለ የውጭ ዝርያ ማስገባት ያስፈልጋል» አሉ።

እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን መንዝ ይሂዱና በጎቹን ይጠይቁልኝ። እዚያ ለብዙ ዓመታት አዋሲ የሚባለውን የውጭ በግ እያዳቀሉ ሲያከፋፍሉ ነበር፤ ገበሬው ግን በሰፊው አልያዘውም። ብርዱ መንዝ ነው፣ ግጦሹ መንዝ ነው፣ በጉ የሌላ አገር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ነገሩን ገለበጡት፤ የገበሬውን የራሱን በግ ይዘው ከገበሬው ጋር ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው።

ችግሩ ዝርያው አልነበረም። ከጠቦቶቹ ሁሉ ፈጥኖ ያደገው፣ ደረቱ የሰፋው፣ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ቀድሞ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። መንጋው ውስጥ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ቀጭኑ ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ምርጡን እየሸጠ ከደካማው ያስወልዳል። በአዲሱ አሠራር ጠቦቱ ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሲወለድ ስንት እንደመዘነ፣ በስድስት ወሩ ስንት እንደደረሰ ይጻፋል። የሚጽፈው የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፤ ደመወዝ አለው። ከዚያ ምርጫ ይደረጋል። ተመራማሪው መዝገቡን ይዞ ይመጣል፣ ገበሬው ዓይኑን ይዞ ይመጣል፤ ቀንዱን፣ መልኩን፣ ጅራቱን ያያል። ሁለቱ የተስማሙበት አውራ አይሸጥም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይጋራዋል። ማኅበሩ ሲጠነክር የዘር አውራ ለሌላ ወረዳ መሸጥ ይጀምራል፤ የዘር አውራ ደግሞ በሥጋ ዋጋ አይሸጥም። ይኸው አሠራር ወደ አበርገሌ ፍየልም ተሻግሯል። ፋብሪካ አልተተከለም፣ ከውጭ እንስሳ አልመጣም። የተጨመረው ሚዛን፣ መዝገብና ስምምነት ነው። ከዚያ ላይ የመዝጋቢ ሥራ መጣ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ሥራ መጣ፣ ዘር አርቢ የሚባል ሙያ መጣ።

«እሱማ ትንሽ ነው» አሉ። ትንሽ ነው፣ አዎ። ግን ዓመት ቆይቶ ይገኛል። የእርስዎ ትልቁ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከበሩ ላይ የሚቀረው ታፔላው ነው።

ነጋዴው ጣልቃ ገባ፦ «ማሩማ ይሸጣል እኮ። እኔ ራሴ እገዛቸዋለሁ።»

ትገዛለህ፣ እግዜር ይስጥህ። ከነሰፈፉ በጀሪካን ትገዛለህ፤ አዲስ አበባ ወስደህ ታጣራለህ፣ በማሰሮና በጠርሙስ ታሽጋለህ፣ ስም ትለጥፍበታለህ። ሥራው የት እንደሄደ አየኸው? ንቡን ያነበው ዋግ ቀረ፤ የሚያጣራው፣ የሚመዝነው፣ የሚያሽገው፣ ጠርሙስ የሚያጥበው፣ ሰሙን ለይቶ የሚሸጠው ሌላ ቦታ ተቀጠረ። በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ካለው ሥራ ለአናቢው ቀዬ የደረሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ ማር አምራች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአውሮፓ ኅብረት ማር ማቅረብ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ገብታለች። ግን ከማራችን የሚበዛው እዚሁ ለጠጅ ይውላል። ጠጅ አልጠላሁም! የጠየቅኩት የማጣሪያው ሥራ ሰቆጣ ላይ እንዲቆም ነው። ማጣሪያ ማለት ደግሞ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አይደለም። ንጹሕ ክፍል፣ የማይዝግ በርሜል፣ ማዞሪያ፣ ወንፊት፣ ሚዛን፣ ውኃና የሠለጠነ ሰው ነው።

ዘመናዊ ቀፎም ታድሏል፤ እሱንም አይቻለሁ። ቀፎው መጣ፣ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሣ። ለፍሬሙ ሰም የሚያትም የለም፣ ሲሰበር የሚጠግን አናጢ የለም፣ ንብ ከባህላዊው ቀፎ እንዴት እንደምትዛወር ያሳየ የለም። ስለዚህ ባዶውን ጓሮ ቆመ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ የሰቆጣ አናጢ ቀፎ መሥራት ቢማር፣ ለንብ አናቢው ሁሉ ጠጋኝ ሆኖ ይኖር ነበር። ቀፎው ከሩቅ ተጭኖ ሲመጣ የአናጢው እንጀራም አብሮ እዚያው ሩቅ ቀረ።

ዕጣኑ ላይ ግን ምላሴን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ዕጣን የሚገኘው የዛፉን ልጥ ፋቅ አድርጎ፣ ሙጫው ወጥቶ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ለቅሞ፣ እንደገና ቁስሉን በማደስ ነው። ቁስሉ ሲበዛ ዛፉ ይደክማል፤ ዘሩም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት የዚህ ዛፍ ደን በአሁኑ አያያዝ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል። ችግኙን እሳት ያቃጥለዋል፣ ከብት ይበላዋል። እስካሁን ያሞገስኳት ፍየልም ከበላተኞቹ አንዷ ናት። ስለዚህ «ዕጣን ላይ ሥራ እንፍጠር» ብሎ አንድ ሺህ ልጅ መፋቂያ አስይዞ መላክ ሥራ መፍጠር አይባልም፤ ደኑን መጨረስ ነው። ዛፍ የሚያርፍበት ዓመት ይኑር፤ ለከብት የሚዘጋ ቁጥቋጦ ይኑር።

«ማን ያስከብረዋል?» ቢሉ መልሱ አሁንም መንዝ ነው። እዚያ ያለውን የጓሳን ሳር ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ መጀመሪያ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ ሲጠብቀው ኖሯል። የሚዘጋበትን ጊዜ የሚወስኑ ራሳቸው ናቸው፣ የሚከፍቱ ራሳቸው ናቸው፣ የሰረቀውን የሚቀጡም ራሳቸው ናቸው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ዛሬም ያሉት ለዚህ ነው። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል፤ ቦታውን ሊያይ የሚመጣው እንግዳም ለመንደሩ ገቢ ሆኗል። ዋግም የራሱ ሽማግሌ፣ የራሱ ደንብ አለው። ሕጉ የዛፉን ባለቤት ይወቅ፣ ከሩቅ የሚመጣው ባለፈቃድ ብቻ አይወቅ።

«ዓሣውስ? እሱ ላይ ሥራ ተፈጥሯል» አሉ ኃላፊው ደስ ብሏቸው።

ተፈጥሯል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የተከዜ ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 188 ሜትር፣ ኃይሉ 300 ሜጋ ዋት። ውኃው ሲተኛ መሬትም ዋጠ፣ ሐይቅም ሰጠ። እረኛ የነበረ ልጅ መረብ መጣል ተማረ፤ ቆሮሶ ማውጣት፣ አምባዛ ማውጣት ተማረ። በጣም ጥሩ! ግን ዓሣው ከውኃ የወጣው ጠዋት ነው፣ ሙቀቱ የአበርገሌ ነው። እስከ ቀትር ያልተሸጠ ዓሣ ዋጋ የለውም። ልጁ ይህን ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል፤ በረዶ የያዘው መኪና ሲቆም ዋጋውን የሚናገረው መኪናው ነው። ሌሊት ሙሉ ታንኳ ላይ ያደረው ልጅ ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ዋጋ የሚወስነው ዓሣ ያለው ሳይሆን በረዶ ያለው ነው።

እንግዲህ ከ300 ሜጋ ዋቱ ላይ ለአንድ በረዶ ቤት የምትሆን ወደ ዳርቻው ትመለስ። መሬቱ የተዋጠበት ሕዝብ ድርሻውን ቢጠይቅ ልመና አይደለም። ከበረዶ ቤቱ ጋር የመረቡ ዓይን ስፋት፣ ዓሣ የሚራባበት ወቅት፣ ማን ያጠምዳል ማን አያጠምድም የሚለውም አብሮ ይወሰን፤ አለዚያ ጫጩቱ ሁሉ ተጠምዶ ሐይቁ ባዶ ይቀራል።

«ጦርነት ባለበት አገር ስለ በረዶ ቤት ታወራለህ?»

አወራለሁ። ጦርነቱ ዋግን ከገበያዋ ቆርጧታል፣ ያለፉትን ዓመታት በመብራትም በመንገድም አስጨንቋታል። የሞተው ሰው አይመለስም። የተረፈው ልጅ ግን ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት ይፈልጋል፤ እሱን ካላቀረብንለት ሌላ የሚያቀርብለት ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ወጣቱን እያደራጀን ነው» አሉ ኃላፊው፣ ሪፖርቱን ገልጠው።

ጎሽ! ስንት አደራጃችሁ?

«ይህን ያህል ማኅበር፣ ይህን ያህል አባል፣ ይህን ያህል ቋሚ፣ ይህን ያህል ጊዜያዊ።»

ስንቱ ዘንድሮም እየሸጠ ነው? ኃላፊው ገጹን ገለጡ፣ ሌላውንም ገለጡ። ያ ዓምድ የለም።

ክቡር ኃላፊ፣ በደሉ እዚያ ነው። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ፤ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ሐሳቡም ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን ሥራ ለመፍጠር ብሔራዊ ዕቅድ ወጣ። ዕቅዱ ከላይ እንደ ኮታ ሲወርድ ወረዳው ምን ያድርግ? ሰው ይቆጥራል። የማይተዋወቁ አምስት ልጆች «አብራችሁ ተደራጁ» ይባላሉ፤ ለአንዱ ዕዳ አራቱ ዋስ ናቸው። አንዱ በግ ማሞከት አይወድም፣ አንዷ ልብስ ስፌት ነው ያላት፣ አንዱ በልቡ ሁመራ ሄዷል። ግን አምስት መሆን ግድ ነው። የሚሠለጥኑትም አንድ ነገር ነው፤ ማድለብ። ሃያ ማኅበር ሃያ በረት ይሠራል፤ ሁሉም ለአንድ ፋሲካ ያወጣል፤ ገበያው በአንድ ቅዳሜ ይሞላል፤ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ «ወጣቱ የሥራ ባህል የለውም» ይባላል። የሥራ ባህል አለው፣ ክቡርነትዎ! የሌለው ምርጫ ነው።

ብድሩን ደግሞ ይመልከቱት። በወር በወር ይከፈል ይላል። ንብ በወር አትከፍልም። ማር የሚቆረጠው ክረምቱ ወጥቶ አደዩ ካበበ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ፍየልም የምትከፍለው ወልዳ፣ አሳድጋ ነው። በሚያዝያ ክፍያ ሲመጣበት ልጁ ምን ያደርጋል? እናቲቱን ፍየል ይሸጣል። ዕዳው ይከፈላል፣ መዝገቡ ይጸዳል፣ ሥራው ግን ሞተ። አበዳሪውም ሪፖርቱ ላይ ጥሩ መላሽ ይለዋል። የብድር ቀን መቁጠሪያ ከእንስሳው ጋር ይሂድ፤ ይህ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። ቀን መቀየር ነው!

«ለምን ሥራው ወዳለበት አይሄዱም? ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሐዋሳ አለ።»

የሄዱ አሉ፤ በርትተው ሠርተዋልም። ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትሰረዝ ወደ አሜሪካ የሚላክ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ። ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት የወሎን ልጅ ከሥራ ቦታዋ አነሣት፤ አንድ ቃል የተጠየቀች አልነበረችም። ፓርኩ ይኑር፣ ይስፋም። ለሩቅ ወረዳ ግን «ልጆችህን አዋጣልኝ» ብቻ ካልን ልማት ብለን የጠራነው የሰው ጉልበት መሰብሰብን ነው። የሚሄደው ደግሞ ጉልበት ያለው፣ ፊደል የቆጠረው ነው። የሚቀረው ሽማግሌና ሕፃን።

«ሳዑዲስ?» የሚል አጎት ከየቤተሰቡ አይጠፋም።

ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ። ብዙዎቹ ሲወጡ አገራቸው ሥራ አልነበረም፤ ሲመለሱም አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ እንደገና ወጡ፤ በጅቡቲ በረሃ፣ በየመን ባሕር። አንዳንዶቹ አልደረሱም። እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የምትልከው ብር ቤተሰብ ያኖራል፣ ክብር ይግባት፤ ግን ያንን ብር ወደ ማጣሪያ፣ ወደ በረዶ ቤት ድርሻ የሚለውጥ የታመነ ማኅበር ቀዬዋ ላይ ስለሌለ ብሩ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሆኖ ይቀራል። ታማኝ ማኅበር ቢኖር የመጀመሪያዋ ባለ አክሲዮን እሷ ናት።

«እርዳታ እየተሰጠ አይደል እንዴ?» ይላል ደግሞ ሌላው። እየተሰጠ ነው። ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከመሰደድና ከብቱን ከመሸጥ አድኗል፤ ስሙን የሚያጎድፍ ሰው ረሀብን አላየም። በእሱ ጉልበት የተሠራው እርከን፣ የተከለለው ተራራ በየወረዳው ይታያል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ተራራው ካገገመ በኋላ የማን ነው? ድንጋዩን የደረደረው መሬት አልባ ወጣት ሳሩን አጭዶ፣ ቀፎውን አስቀምጦ፣ የይዞታ ወረቀት በስሙ ይዞ ይጠቀማል? ወይስ ድንጋዩን ከደረደረ በኋላ ይሰናበታል?

ቀዬውን የራሴ ያለ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የሚፈልግ ውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወአጽብሃ መንደር ይሂድ። መሬቱ ተራቁቶ፣ ውኃው ደርቆ፣ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ይስፈር እስከመባል ደርሶ ነበር። «ተነሡ» ሲባሉ «አንነሣም» አሉ። ተራራውን ከልለው እርከን ሠሩ፣ ጎርፉን ያዙ፤ ውኃው በጉድጓድ ተመለሰ። ከዚያ ፍራፍሬ መጣ፣ ማር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኳቶር ሽልማት ወሰዱ። ከቀዬው ይነሣ የተባለው ሕዝብ ዓለም ሊማርበት የሚመጣበት ሆነ።

መቄትም አለ። «መቄት ማን ይሄዳል?» ሲባል በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ተስፋ የሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀመረ። ገደሉ ጫፍ ላይ በድንጋይና በሳር ጎጆ ተሠራ፤ የሚያስተናግደው፣ አህያ የሚጭነው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ገቢውን የሚከፋፈለው መንደሩ ነበር። እንግዳ ከላሊበላ በእግሩ እየተጓዘ መጣ። ኋላ ወረርሽኝና ጦርነት እንግዳውን አስቀሩት፤ በአንድ ነገር ብቻ መቆም እንደማያዋጣ የማውቀው ከዚህ ነው። ፍየሉ፣ ማሩ፣ ዓሣው፣ እንግዳው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሸከም።

«ይህ የእኛ ድሃ አገር ነገር ነው» እንዳትሉኝ። ጃፓን ኦይታ ውስጥ ኦያማ የሚባል ተራራማ መንደር ነበር። መንግሥት ሩዝ ዝሩ ሲል እነሱ ለሩዝ የሚሆን ሜዳ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፕሪምና ቼስትነት ተክለን ሃዋይ እንሂድ ብለው ተነሡ። ተከሉ፤ ፍሬውን ጥሬውን አልሸጡም፤ ጨው አስገቡበት፣ አሸጉት፣ በራሳቸው ሱቅ ሸጡት። ሃዋይንም አዩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የአውራጃው ገዢ ሞሪሂኮ ሂራማትሱ ይህንኑ ይዘው አንድ መንደር አንድ ምርት የሚለውን ንቅናቄ ጀመሩ፤ ኋላም ወደ እኛ፣ ወደ ቀድሞው ደቡብ ክልል ድረስ ተሻገረ። ኦያማን ያዳነው ፕሪሙ ብቻ አይደለም። «ሩዝ» ሲሉት «አይሆንም፣ እኔ መሬቴን አውቃለሁ» የማለት ሥልጣኑም ጭምር ነው። የእኛ ቀበሌ «ማድለብ» ሲባል «አይሆንም፣ እኛ ዘንድ ማር ነው» ማለት ይችላል? ይህን እስኪችል ድረስ ሥራ ፈጠራው የወረዳው ሪፖርት ውስጥ ይኖራል።

«ገንዘብ ከየት?» የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ ይህ ነው። አሁን ያለው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ።

ወረዳው በየዓመቱ ይገዛል። የተማሪ ዴስክ ይገዛል፣ በርና መስኮት ይገዛል፣ የደንብ ልብስ ያሰፋል፣ ለስብሰባ ምሳ ያቀርባል። ዴስኩ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ የተመረቁ ልጆች ሼድ ተሰጥቷቸው ትእዛዝ አጥተው ቁጭ ብለዋል። «ጥራት የላቸውም» ይባላል። አንድ ጊዜ ሃምሳ ዴስክ እዘዙአቸው፣ እንከኑን አሳዩአቸው፣ ሁለተኛውን ዙር ተመልከቱ። «የጨረታ ማስከበሪያ የላቸውም» ይባላል። የግዥ መመሪያው ለጥቃቅንና አነስተኛ ያደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ደብዳቤውን ጻፉ! የተማሪ ምገባ በተጀመረበት ወረዳም ባቄላውና ሽሮው ከዚያው ገበሬ፣ ማሩ ከዚያው ማኅበር ይገዛ። ከመንግሥት ካዝና የወጣው ብር ቢያንስ አንድ ጊዜ በከተማዋ ዞሮ ይውጣ፤ ከአናጢው ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ ከእሷ ወደ ሽንኩርት ሻጯ፣ ከዚያ ወደ ገበሬው ይድረስ። በዚያው ቀን በጭነት መኪና ተመልሶ የሚሄድ በጀት ሰቆጣን አለፈ እንጂ ሰቆጣ አልገባም።

አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆንህ፣ የሆንሽ አንባቢ፣ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ከገዛነው ውስጥ ከእኛ ልጆች የተገዛው ስንት ነው? አምና ከተደራጁት ማኅበራት ዛሬ የሚሸጡት የትኞቹ ናቸው? ያገገመው ተራራ በማን ስም ተመዝግቧል? መልሱ በቁጥርና በስም ካልመጣ በቃለ ጉባኤ አስይዙ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ደግማችሁ ጠይቁ።